አበባዋ የተፋቀባት ጠመንጃ

«ለሂሳኤ ያቺን የተበላሸችውን እንስጣት። ሌላውን ምን ታደርግበታለች?»

ሂሳኤ ይህን የሰማችው ከደረጃው ሥር ቆማ ነው። አራት ኩባያ ሻይ በትሪ ይዛ ልትወጣ አንድ እግሯን አንስታ ነበር። የተናገረው ታላቅ ወንድሟ ኩኒሂኮ ሲሆን እየሳቀች «እሱስ ልክ ነህ» ያለችው ሚስቱ ማሳዮ ናት። ቤቱ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ ላይ የተባለው ሁሉ ታች ይሰማል፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ሦስተኛው የደረጃ እርከን ሲረገጥ ይጮኻል። ሂሳኤ ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች፤ ተወልዳ እስከ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ የኖረችው እዚሁ ነው። ኩኒሂኮ ግን አግብቶ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታልና የተወለደበት ቤት ጆሮ እንዳለው ረስቷል። ሦስተኛውን እርከን ሆን ብላ በኃይል ረግጣ ወጣች። ላይ ያሉት ጸጥ አሉ። ማሳዮ ሻዩን እየተቀበለች «ውይ ሂሳኤ፣ ምን አደከመሽ፤ እኛው እንወርድ ነበር እኮ» አለች። ሂሳኤም «ምንም አይደል» ብላ ተመልሳ ወረደች።

አባታቸው ጌንዞ ከሞቱ አርባ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት መነኩሴው በቤተ መቅደሱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዕጣኑ ተጨሶ፣ ቤተ ዘመዱ ወደ ቤት ተመልሷል። ቤተ ዘመድ ማለት እንግዲህ አራት ሰው ነው፤ ኩኒሂኮና ማሳዮ፣ ሂሳኤ፣ የሟቹ ታናሽ እህት የሆኑት የሰማንያ አራት ዓመቷ አክስት ኪኑ። አርባ ዘጠኙ ሲወጣ የሟች ዕቃ ለቅርብ ሰው ይከፋፈላል፤ ወግ ነው። መታሰቢያ እንጂ ስጦታ አይደለምና በወረቀት አይጠቀለልም፤ ራቁቱን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ከፋፋዩ የበኩር ልጅ ነው፤ ኩኒሂኮ ደግሞ በኩርነቱን አንድ ቀን እንኳ ዘንግቶ አያውቅም። ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። በመጪው ሚያዝያ ዋና ርዕሰ መምህር ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል፤ ማሳዮ ይህን በጠዋቱ ብቻ ለመነኩሴው ሁለት ጊዜ፣ ለታክሲ ነጂው አንድ ጊዜ ተናግራለች።

የሚከፋፈለው ዕቃ አብዛኛው ጠመንጃ ነው። ነገሩ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ቤቱ ያለበት ካትሱሺካ ድሮ የአሻንጉሊት ሠሪ ሰፈር ነበር። ጌንዞ ከሕዝብ መታጠቢያው ጀርባ በነበረች ወርክሾፕ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ለአሻንጉሊት ጠመንጃ የእንጨት ሰደፍ ሲልጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ጠመንጃዎቹ ሲተኮሱ ከአተር የማትበልጥ የፕላስቲክ እንክብል ነው የሚተፉት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልማሶች ጫካ ገብተው ይታኮሱባቸዋል። መልካቸው ግን ቁርጥ የጦርነቱ ዘመን መሣሪያ ነው። ጌንዞ እያንዳንዱን ዓይነት አንድ አንድ አስቀርተው፣ የጎደለውን ገዝተው፣ በላይኛው ፎቅ ስድስት የገለባ ምንጣፍ የሚያስነጥፈውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። የአሜሪካኑ፣ የጀርመኑ፣ የእንግሊዙ በግድግዳው ላይ ተደርድሯል። በመስኮቱ በኩል የአገሩ የእግረኛ ጦር ጠመንጃዎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ አሥራ ስድስት ቅጠል ያለው የንጉሠ ነገሥቱ አበባ ታትሟል። በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ናቸው። በቤቱ ውስጥ ፀሐይ የሚገባው ይህ ክፍል ብቻ ነው። ሂሳኤ የምትተኛው ታች፣ ከማድ ቤቱ ጎን፣ እግሯን ስትዘረጋ ማቀዝቀዣው በሚነካት ጠባብ ክፍል ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ በለስላሳ ብሩሽ የሠላሳ ጠመንጃ አቧራ ታራግፋለች። ትጠላቸው ነበር። ጥላቻዋ ግን ለማንም የማይነገር፣ ከሆድ የማይወጣ ጥላቻ ነበር፤ አባቷ ብሩሹን ሲያቀብሏት «እሺ» እያለች ትቀበል ነበርና።

ሠላሳ አንደኛዋን አትነካትም። በማዕዘኑ የቆመችው የእግረኛ ጠመንጃ የአባቷ ብቻ ነበረች፤ ዘይት የሚቀቧት እሳቸው፣ የሚወለውሏት እሳቸው። አበባዋ በሞረድ ተፍቆ ጠባሳ ሆኗል። ሂሳኤ በልጅነቷ ምን ሆና ነው ብላ ብትጠይቅ «ሞረዱ አዳልጦኝ ነው። እሷን አትንኪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ስሟ «የተበላሸችው» ሆኖ ቀረ።

ምሳው ከምግብ ቤት በሣጥን መጣ። ያዘዘችው ማሳዮ ናት። ሦስቱ ሣጥኖች ጥቁር ክዳን ያላቸው፣ ትልቅ ሽሪምፕና የተጠበሰ ዓሣ የተኛባቸው፣ የአምስት ሺህ አራት መቶ የን ናቸው። አራተኛው የሁለት ሺህ አንድ መቶ ስድሳ የን ነው። «ሂሳኤ ብዙ አትበላም ብዬ ነው» አለች ማሳዮ፣ የዋጋው ወረቀት በክዳኑ ላይ ተለጥፎ ሳለ። ሂሳኤ ቁጥሩን አነበበች፤ ክዳኑን ገልብጣ ከጎኗ አኖረችውና መብላት ጀመረች። በሣጥኗ ውስጥ የተቀቀለ ካሮት በአበባ ቅርጽ ተቆርጦ ነበር። ስለ አየሩ ተወራ፣ ስለ መነኩሴው ጉንፋን ተወራ፣ ስለ ማሳዮ ጎረቤት ውሻ ተወራ። አባቷ አራት ዓመት አልጋ ላይ ሳሉ ማን እንዳገላበጣቸው፣ ማን እንዳጠባቸው፣ ማን ለእሳቸው ሲል ሥራውን እንደተወ ግን አልተወራም። አክስት ኪኑ ኮምጣጣውን ራዲሽ እየቆረጠሙ ነበር፤ የመስሚያ መሣሪያቸውን ሲፈልጉ ይከፍታሉ፣ ሲሰለቻቸው ይዘጋሉ።

ምሳው ሲያልቅ ኩኒሂኮ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። የውርስ ስምምነት ነው። ቤቱና መሬቱ ለእሱ ይሆናል፤ ቤቱ ይፈርስና የስድስት መኪና ማቆሚያ ይሠራበታል። ለሂሳኤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሳይታማ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት በኪራይ ተፈልጎላታል፤ ከባቡር ጣቢያው በእግር አሥራ ሰባት ደቂቃ። ሕጉ ለሁለቱም እኩል ነውና እሷ በፊርማ ፋንታ የሚያገለግል፣ በክፍለ ከተማው የተመዘገበ ማኅተሟን ካላሳረፈችበት ወረቀቱ ወረቀት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

«አየሽ ሂሳኤ» አለ ኩኒሂኮ፣ ተማሪ በሚመክርበት ድምፁ። «ይኼ ቤት የአባቴ ነው፤ ከአባቴ ወደ እኔ ነው። አንቺ ኖረሽበታል እንጂ ቤትሽ አይደለም። ሃምሳ ሦስት ዓመት ያለ ኪራይ! እስቲ ማን እንዲህ ይኖራል?»

«ልክ ነህ ጋሼ» አለች።

ምን ትበል? ማኅተሙን ከጠዋት ጀምሮ በሽርጧ ኪስ ይዛው ነበር። እንደምታትም ታውቃለች፣ እሱም እንደምታትም ያውቃል። ዕድሜዋን ሙሉ «እሺ» ያለ አፍ ዛሬ ምን ሌላ ቃል ያመጣል? ብቻ ኪሷ ውስጥ እጇን ከታ ያቺን ጣት የምታክል ዕቃ ጨበጥ ለቀቅ ታደርጋት ነበር፤ ይህን ቤት ስትለቅ ከቤቱ ምን ይዛ እንደምትወጣ እያሰበች።

«መጀመሪያ መታሰቢያውን እንጨርስ» አለ ኩኒሂኮ፤ «ዕቃ የሚገዛው ሰውዬ ሳይደርስ።» የአባቱን ሰዓት ለራሱ ወሰደ። ለማሳዮ የጽሕፈት ዕቃቸውን፣ ለአክስት ኪኑ የትምባሆ ሣጥናቸውን ሰጠ። ከዚያ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ያቺን ጠመንጃ አመጣና፣ የወጉን ያህል ሁለት እጁን ዘርግቶ በሂሳኤ ክንድ ላይ አጋደማት። «ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ ናት። አባቴ ይወዳት ነበር። አክስቴ፣ እርስዎም ምስክር ነዎት» አለ። ጠመንጃዋ ከባድ ነበረች፤ ሂሳኤ ክንዷ ዝቅ አለ። የአክስት ኪኑ መንጋጋ ቆመ። ጠመንጃዋን አዩ፣ ኩኒሂኮን አዩ።

«ይችን ነው የምትሰጣት?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አክስቴ፣ አሻንጉሊት ናት እኮ። ለዚያውም የተበላሸች።»

«ደግ» አሉና ወደ ራዲሻቸው ተመለሱ።

ገዢው አቶ ሂራኑማ ወፍራም፣ አጭር፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሰው ናቸው፤ ያገለገሉ አሻንጉሊቶች የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ማሳዮ ፈገግ ብላ ወደ ላይ አወጣቻቸው። ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ከደረት ኪሳቸው ባወጧት ትንሽ ማግኔት ብረቱን ነካ እያደረጉ ዋጋ ይጠራሉ። አብዛኛው ላይ ማግኔቷ አትያዝም፤ አሻንጉሊት የሚሠራው ማግኔት ከማይስበው ቀላል ማዕድን ነው። «አሥራ ስምንት ሺህ። ይኼ ምንጩ ሞቷል፤ ዘጠኝ ሺህ። ይኼ ደግሞ የድሮ ነው፤ ሃያ ሰባት።» ኩኒሂኮ በየዋጋው ላይ ይከራከራል፤ ከተማሪ ወላጅ ጋር እንኳ እንደዚያ ተከራክሮ አያውቅም። ሂሳኤ ሻይ ይዛ ገባች። ዋጋ የተጠራለት ደረጃው አናት ላይ እየተደረደረ ክፍሉ ባዶ እየሆነ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ ፀሐይ እስከ ግድግዳው ድረስ ተንጣሎ አየች። ይህን ያህል ፀሐይ እዚህ ቤት ውስጥ እንደሚገባ አታውቅም ነበር፤ ትሪውን ጓ አድርጋ አስቀመጠች።

«ያቺስ?» አሉ አቶ ሂራኑማ ሲወርዱ። ጠመንጃዋ ታች፣ ከሟቹ ፎቶግራፍ አጠገብ ቆማለች።

«እሷ የእህቴ መታሰቢያ ናት» አለ ኩኒሂኮ። «አበባዋ የተፋቀ ነው፤ የማትረባ ናት።»

«ለመለዋወጫ ሦስት ሺህ ትወጣለች» ብለው አነሷት። ክብደቷ ሲሰማቸው ፊታቸው ተለወጠ። ማግኔቷን አስጠጉ፤ ቀጭ ብላ ተጣበቀች። መቀርቀሪያውን ስበው፣ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙረው በውስጡ አዩ። የአሻንጉሊት አፈሙዝ ውስጥ ቀጭን የነሐስ ቱቦ ነው ያለው። እዚህ ውስጥ ግን እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቦይ ነበር። አቶ ሂራኑማ ጠመንጃዋን ምንጣፉ ላይ በቀስታ አስተኝተው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ይኼ አሻንጉሊት አይደለም» አሉ። «እውነተኛ ነው። ለመሆኑ አሻንጉሊት ላይ ያለ አበባ ማን ይፍቃል? ይኼ የተፋቀው ጦርነቱን በተሸነፍንበት ዓመት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት በጠላት እጅ እንዳይገባ ወታደሩ ሁሉ ሞረድ አንሥቶ የፋቀ ጊዜ።»

ማሳዮ አፏን ያዘች። የኩኒሂኮ ፊት አመድ መሰለ። በዚህ አገር ሰው በቤቱ እውነተኛ ጠመንጃ ከተገኘበት ነገሩ በቀልድ አያልፍም፤ ጋዜጣ አለ፣ ትምህርት ቢሮ አለ፣ ሚያዝያም አለ። «ወንዙ እዚሁ ቅርብ ነው» አለ ኩኒሂኮ በሹክሹክታ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ አቶ ሂራኑማ። «ዐይቼ ዝም ካልኩ የንግድ ፈቃዴን እነጠቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና አሁኑኑ ነው የምደውለው።» ስልካቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ።

አክስት ኪኑ የትምባሆ ሣጥኑን ከፍተው ያሸቱ ነበር። «የታላቅ ወንድማችን የሾጂ ናት» አሉ፣ ስለ ሰው ጃንጥላ እንደሚያወሩ ሁሉ። «ከባሕር ዳርቻው ጥበቃ ሲመለስ በገለባ ጠቅልሎ አመጣት። በዓመቱ ሳንባው ገደለው። እናቴ ልትጥላት አልሆነላትም፤ ጌንዞም አልሆነለት። ከአሻንጉሊት መሀል ካቆምኳት ማን ያያታል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማን አያት?»

«አክስቴ! ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እርግጠኛ ነህ ወይ አላልኩህም?»

ኩኒሂኮ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተዘዋወረና ከሂሳኤ ፊት ቁጢጥ አለ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ዝቅ ብሎ አነጋግሯት አያውቅም። «ስሚኝ ሂሳኤ። እዚህ የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ይኼ ያንቺ ቤት ነው። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ስለ ቤቱ ዕቃ ምን አውቃለሁ? ጠመንጃዋም የአንቺ ናት፤ በምስክር ፊት ሰጥቼሻለሁ። አንቺ ሥራ የለሽ፣ ሹመት የለሽ፤ ምንም አይቀርብሽም። እኔ ግን አልቃለሁ።»

ሂሳኤ ወንድሟን አየችው። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ምንም አይቀርብሽም ሲላት ውስጧ የነበረ አንድ ነገር ተበጠሰ። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ የመጣው ግን ሳቅ ነበር፤ እንደምንም ዋጠችው።

«የማን ቤት ነው አልከኝ ጋሼ?»

«ያንቺ።»

«አክስቴ አልሰሙም መሰለኝ።»

«ያንቺ ቤት ነው አልኩሽ! ያንቺ!»

«ሰምቻለሁ» አሉ አክስት ኪኑ፤ የመስሚያ መሣሪያቸው ተከፍቶ ነበር።

ሁለት ፖሊሶች በብስክሌት መጡ፤ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ጠና ያለ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ለፎቶግራፉ እጅ ነስተው ገቡ። ወጣቱ ጠመንጃዋ ጥይት እንደሌላት አረጋገጠ። ጠና ያለው ከዝቅተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ተንበርክኮ ቅጽ አወጣ።

«የቤቱ ባለቤት ማን ነው?»

«እሷ ናት» አለ ኩኒሂኮ ከጥያቄው እኩል። «እኔ ለአርባ ዘጠኙ ነው የመጣሁት።»

«እርስዎ ነዎት እመቤቴ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሂሳኤ። ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

«የቤቱ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰውስ አለ?»

ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ ደወል ቃጨለች። ኩኒሂኮ የዚህን ቤት ቁልፍ ደወል ባለው ክታብ ነበር የሚይዘው። ሂሳኤ ጉልበቷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካት ወደ ታች ሳታይ ተቀበለችው። «ማንም የለም» አለ ኩኒሂኮ፤ «ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት።» ፖሊሱ ጻፈ። ከዚያም ቅጹን ወደ ሂሳኤ አዞረና በፈቃዷ ማስረከቧን የምታረጋግጥበትን ቦታ አሳያት። ማኅተሟን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ቀዩን ቀለም አስነክታ፣ ከስሟ ጎን፣ «የቤቱ ባለቤት» ከሚለው መስመር በታች ደህና አድርጋ አሳረፈች። ኩኒሂኮ ማኅተሟን ሲያያት ቆይቶ ዐይኑን መለሰ።

«አይጨነቁ» አለ ፖሊሱ ሲነሣ። «ወዲያው አስታውቀዋል፤ ማንም አይጠየቅም። ሽማግሌ በሞተ ቁጥር ከየጣሪያው ሥር ይወጣል፤ በዓመት ስንቱን እንሰበስባለን።» ወጣቱ ጠመንጃዋን በሰማያዊ ሸራ ሲጠቀልል አክስት ኪኑ «መታሰቢያ አይጠቀለልም ነበር» ብለው አጉተመተሙ፤ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወንድማቸው ሾጂ ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ፖሊሶቹ ሄዱ። አቶ ሂራኑማ በሩ ላይ ቆመው ስለ ሠላሳዎቹ ማንን እንደሚጠይቁ ግራ ገብቷቸው ነበር። «ነገ ይምጡ» አለቻቸው ሂሳኤ፤ «ሁሉንም ያነሡልኛል። ቤት አለሁ።» እሳቸውም እጅ ነስተው ወጡ።

«ማንም አይጠየቅም» የሚለው ቃል ኩኒሂኮ ጆሮ ውስጥ ገና አልበረደም። ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ፣ በሰላም አለፈ። ያቺን ወረቀት… ማኅተምሽንም አውጥተሻልና…» ሂሳኤ ማኅተሟን በወረቀት ትጠርግ ነበር። ቀይ ቀለሙን ጥርግ አድርጋ አንሥታ ትንሿ የማኅተም ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው፤ ሣጥኗንም ኪሷ ውስጥ።

«ወረቀትህን ያዝ ጋሼ። እኔ እዚህ ላይ አላትምም።»

«ምን አልሽ?»

«አላትምም አልኩህ። ቤት ለቅቄ አልወጣም።»

«ሂሳኤ! ሰው የጨነቀው ምን አይናገርም! ያንን…»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ አክስት ኪኑ። «ለእኔም አንድ ሻይ አምጪልኝ የኔ ልጅ፤ ትኩስ ይሁን።»

ማሳዮ ቦርሳዋን አንሥታ ቀድማ ወጣች፤ ሦስተኛው እርከን ላይ እንዳለች ሁሉ ወለሉን እየደበደበች። ኩኒሂኮ ኮቱን ለበሰ። «ቢያንስ ቁልፌን ስጪኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የቱን ቁልፍ?» አለች ሂሳኤ። «ቁልፍ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብለህ ለፖሊስ አስጽፈሃል። ምክትል ርዕሰ መምህር ለፖሊስ ዋሸ ይባል?»

ኩኒሂኮ ቦርሳውን አነሣ። በዚህ አገር እንግዳ ሊወጣ ሲል የቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን ጫማ አፉን ወደ ውጭ ያዞርለታል፤ ለገዛ ቤቱ ሰው ግን ማንም ጫማ አያዞርም። ሂሳኤ ቀድማው ወደ በሩ ሄደች። ተንበርክካ የወንድሟን ጥቁር ጫማ አነሣች፣ ወደ መንገዱ አዞረች፣ ሁለቱን አስተካክላ አኖረች።

ኩኒሂኮ ቆሞ ጫማውን አየው። ከዚያ አጠለቀው።

«ስትመጣ ቀድመህ ደውል ጋሼ» አለችው፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፈች።